የባቺንት ካውር ፊርማ

ኪራንጂት ሦስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የብራምፕተንን ተማሪዎች በቢጫው አውቶቡስ ታመላልሳለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ዳቦ ፋብሪካ ገብታ ታሽጋለች። ቅዳሜም ትሠራለች፣ የእሑድም ከሰዓት አይቀራትም። ምን አስቸኮለሽ ያላት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ እናቴን ላመጣ።

የካናዳ መንግሥት እናትሽን አምጪ ሲል እንዲሁ በቃሉ አይልም። መጀመሪያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣለት ሰው ደግሞ ሦስት ተከታታይ ዓመት ከተቆረጠው ልክ በላይ ገቢ እንዳገኘ በግብር ወረቀት ማሳየት አለበት። አንዱ ዓመት ትንሽ ጎደል ካለ የሦስቱም ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ባል ያላት ሴት የባሏን ገቢ ትደምራለች። የኪራንጂት ባል ግን ልጃቸው ሲምረት ገና በዳዴ ስትሄድ ሌላ ሴት ተከትሎ ወደ ቫንኩቨር ነጉዷል። እሷ የምትደምረው ከገዛ ጉልበቷ ላይ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወገቧ ተይዞ አልጋ ላይ ስትውል ሐኪሙ አንድ ወር ተኚ አላት። ተኝቼ እናቴን ማን ያመጣልኛል ብላ በዘጠነኛው ቀን ወገቧን በመቀነት ጠፍራ ፋብሪካ ገባች።

ሞላላት። ሦስቱም ዓመት ሞላላት፣ ዕጣውም ወጣላት። ወረቀቱን ሁሉ አሟልታ እንድታስገባ ስድሳ ቀን ተሰጣት። ሁሉም ተሟልቶ የቀረው የእናቷ የባቺንት ካውር ፊርማ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሲቀር እናቷ አልፈርምም አለች።

ይህን ወሬ ይዘውላት የመጡት መሂንጋ ሲንግ ናቸው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም። የእናት ወንድም በእነሱ በፑንጃቦች ዘንድ ማማጂ ነው የሚባለው። ማማጂ እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት መጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ሶፋው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና ይዘውት የመጡትን ፔርሙስ ከፈቱ። ሻያቸውን ከቤታቸው አፍልተው ነው የሚመጡት። ለሴት ልጅ ይሰጧታል እንጂ ከሴት ልጅ አይቀበሉም፤ ከተዳረች በኋላ ዘመዶቿ ቤቷ ገብተው ውሃ እንኳን አይጠጡም። አገራቸው ሕንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ፣ ይህን ልማድ ግማሹ ሰው ትቶታል። መሂንጋ ሲንግ ከሌላኛው ግማሽ ናቸው።

«ወረቀቱን መልሺላቸው» አሉ፣ ሻያቸውን በፔርሙሱ ክዳን እየቀዱ።

«የምኑን ወረቀት?»

«የእህቴን። አትፈርምም። ወንድምሽ ባልራጅ አንብቦላታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሴት ልጅሽ ታበላሻለች፣ ታለብስሻለች፣ ታሳድርሻለች ይላል አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ማማጂ። እንደዚያ ብዬ ነው የምፈርመው።»

«እና ባቺንት ካውር እዚህ ላይ እንድትፈርም ነው የምትጠብቂው? ያኔ ባልሽ አገር ቤት እያለ፣ አማቶችሽን ልትጠይቅ ስትመጣ የምትጠጣውን ውሃ በጀሪካን ይዛ የመጣችውን ሴት?»

«አስታውሳለሁ። አፍሬ ምድር ዋጪኝ ብያለሁ።»

«አንቺ አፈርሽ፣ አገር ግን አከበራት» አሉ። «የሚያበላት ባይኖር ኖሮ እኔም እሺ ባልኩ ነበር። አንበሳ የመሰለ ወንድ ልጅ አላት እኮ። አባታችሁ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት፣ አንድ ቀን የባልራጅ እጅ አጥሮ ያውቃል? ጥርሷን ያስተከለው እሱ፣ ዓይኗን ያስታከመው እሱ። እንዲህ ያለ ልጅ እያላት በሴት ልጅ እጅ ብትገባ እሱን ቆመህ ሙት ማለት አይሆንም?»

የዚህን መልስ ከኪራንጂትና ከወንድሟ በቀር የሚያውቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው የሞተ ሰሞን የባልራጅ እርሻ ዕዳ ውስጥ ነበር፤ ለእናቱ ቀርቶ ለራሱም አይተርፍ። ኪራንጂት በየወሩ እልካለሁ አለች። ግን ባቺንት ካውር የሴት ልጇን ገንዘብ ከምትቀምስ ጦሟን ብታድር እንደምትመርጥ ሁለቱም ያውቁታል። ስለዚህ ተማከሩ። ገንዘቡ በባልራጅ ስም ይገባል፣ ባልራጅ ለእናቱ ይሰጣል፣ እናት ልጄ አበላኝ ብላ ትመርቃለች፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ጥሩ መላ መስሏቸው ነበር። እንዲህ ያለ መላ የሚወልደው እንዲህ ያለ ልማድ ነው እንጂ ሌላ ቦታ ማን ያስበዋል? ጥርሱም፣ ዓይኑም፣ የክረምቱ ብርድ ልብስም የኪራንጂት ነበር። ምርቃቱን ግን ባልራጅ ወሰደው።

እያደር ባልራጅ ምርቃቱ ብቻ አልበቃው አለ፤ ከገንዘቡም መቆንጠር ጀመረ። ባለፈው የካቲት እናቲቱ ግቢ ውስጥ ወደቀች። ባልራጅና ሚስቱ ለሦስት ቀን ሠርግ ሄደው ነበር። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ብርዱ ላይ ተጋድማ የጎረቤት ሰው ነው ያነሳት። ለኪራንጂት የነገራትም ያው ጎረቤት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴን እዚያ አላስቀምጣትም ብላ ምላ ነበር።

«ካላመንሽኝ ደውዪና ከአፏ ስሚ» አሉ ማማጂ።

ደወለች። ስልኩን ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። መጀመሪያ ብቅ ያለው የባልራጅ ፊት ነው፤ ከኋላው እናቷ በገመድ አልጋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች፣ ከስታለች።

«እህት ዓለም፣ መቼም ማማጂ ነግረውሻል» አለ ባልራጅ፤ እናታቸውን ቤቤ ነው የሚሏት። «ቤቤ ወስናለች። እኔ መሀል ልገባ አልፈልግም።»

«መሀል ካልገባህ ስልኩን ስጣት።»

ስልኩን ወደ እናቱ አዞረው። ባቺንት ካውር ስልክ ስታይ ሁልጊዜም የራስ መሸፈኛዋን ታስተካክላለች፤ አሁንም አስተካከለች።

«አትድከሚ ኪራን» አለች። «ልጅ አለኝ እኮ። ልጅ እያለኝ በሴት ልጅ ደጅ ሳህን ይዤ ልቁም? ሰው ምን ይላል? ባልራጅስ አንገቱን ደፍቶ ይኑር?»

«ቤቤ፣ የወደቅሽ ቀን ማን አነሳሽ?»

«መውደቅ ያለ ነው።»

«ማን አነሳሽ ነው የምልሽ?»

«ጎረቤት። ጎረቤት ለዚህ አይደለም እንዴ?»

«ይሄ አሁን ምን ያመጣል?» ብሎ ባልራጅ ስልኩን መልሶ ነጠቃት። «እሺ እውነቱን እናውራ ካልሽ እናውራ። ለእናታችን አዝነሽ አይደለም። ሥራ ስትውዪ ቤትሽን የምትጠብቅ፣ ለልጅሽ ምሳ የምትሠራ አሮጊት ፈልገሽ ነው። እኔ እናቴን አሥራ አራት ዓመት ሳበላ አንድም ቀን ወረቀት አላስፈረምኳትም።»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ባልራጅ ዕድሜ ልኩን አንበሳ ሆኖ ይኖር ነበር። ኪራንጂት ዝም ልትል ብላ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ አፏን እስከ መያዝ ደርሳለች። ግን ሦስት ዓመት የለፋ ወገብ ዝም አይልም።

«በል ንገራት» አለችው።

«ምኑን?»

«በማን ገንዘብ እንዳበላሃት።»

ማማጂ ክዳኑን ከአፋቸው ሳያደርሱ ቀሩ። «ኪራን» አሉ ቀስ ብለው።

«አይ ማማጂ፣ ዛሬ አይሆንም። ቤቤ፣ ስሚኝ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ የበላሽው የእኔን ነው። ዱቄቱም፣ ወተቱም፣ ጥርስሽም፣ ዓይንሽም። ባልራጅ የሰጠሽ እኔ የላክሁለትን ነው፤ እሱንም ቆንጥሮ። የእኔ መሆኑን ብታውቂ አትቀምሽም ብለን ደበቅንሽ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ግን አበላኋት እያለ ፊቴ ላይ ሲፎክር ቁጭ ብዬ አልሰማም።»

«ባልራጅ» አለች እናትየው።

«ትዋሻለች። ቀናችብኝ።»

«በልጅህ ራስ ማልልኝ።»

ባልራጅ አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ከአራት ሴቶች በኋላ በስለት የመጣ። አልማለም። ስልኩ ጠፋ።

መሂንጋ ሲንግ ፔርሙሳቸውን ከደኑ፣ ተነሡ፣ ጫማቸውን ለማጥለቅ በር ላይ ጎንበስ አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እናትሽን ላመጣ ብለሽ ገደልሻት። ምን ነበረበት ብትተዪው? ዝም አይነቅዝም።»

«ነቅዟል ማማጂ» አለች ኪራንጂት። «አሥራ አራት ዓመት ዝም ብዬ ነው እንዲህ የነቀዘው።»

በሩን ዘግተውባት ሄዱ።

ሰኞ ደወለች፣ የሚያነሳ የለም። ማክሰኞም ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ዕለት ባልራጅ ራሱ ደወለ፣ ድምፁ ሟሽሿል።

«ቤት ውስጥ እህል አትቀምስም» አለ።

«ታመመች?»

«ምን ትታመማለች፣ ጤነኛ ነች። ይሄ ዱቄት የኪራን ነው፣ አልበላም አለች። ጠዋትና ማታ በትሯን ይዛ ወደ ጉርድዋራ ትሄዳለች፣ ላንጋር ላይ ተቀምጣ ትበላለች።» ጉርድዋራ ቤተ ጸሎታቸው ነው፤ ላንጋር ደግሞ ደሃ ሀብታም ሳይባል ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ በነጻ የሚበላበት ማዕድ። «መንደሩ በሙሉ የባልራጅ እናት ልጇ እያለ የምጽዋት እህል ትበላለች ይላል። ሱቅ መሄድ አቃተኝ እኮ። እባክሽ ደውዪና ተናድጄ ነው የዋሸሁት በያት።»

ኪራንጂት ልትስቅም ልታለቅስም ዳዳት። እናቷን ታውቃታለች። በሴት ልጅ ገንዘብ አልበላም ካለች የትም ቤት አትበላም፣ የወንድ ልጇም ቤት ቢሆን። ከዚህች ሴት ማህፀን ባልራጅ እንዴት እንደወጣ የሚገርም ነው፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

«አልዋሸሁም፣ አልልም» አለችው።

«እየለመንኩሽ ነው።»

«እውነቱን አንተው በአፍህ ንገራት። ያኔ ምናልባት ቤትህ ትበላ ይሆናል።»

«አንቺ ጨካኝ ነሽ።»

«ነኝ። የዚህን ወር ገንዘብ በስምህ አልልክም። ለእናቴ የሚሆን ካለ በእናቴ ስም ይላካል። አለቀ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ሌላ ነበር። ሰባት ቀን ቀርቷል። እናቷ ካልፈረመች ሦስቱ ዓመት አብሮ ይሞታል፤ ዕጣው ደግሞ ሁለተኛ ይወጣልኛል ብሎ የሚተኛ ሰው ሞኝ ነው። እናቷ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሌላ የካቲት ሌላ ውድቀት ያመጣል። በማግስቱ ጠዋት ቀይ መብራት ላይ ቆማ ዕንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ከኋላ ያሉት ሕፃናት ይዘፍናሉ። በእጅጌዋ ጠረገችና መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነዳች። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች፤ መጸጸት ግን አልተጸጸተችም።

ሁለት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ አውቶቡሱን ግቢው ውስጥ አቆመች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እዚያ ምሽት ነው፣ የማታው ጸሎት የሚያበቃበት ሰዓት። የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«እኔ ነኝ» አለች ባቺንት ካውር። «የጉርድዋራው ቄስ ስልክ ነው፣ ብዙ አላወራም።»

«ቤቤ። በልተሻል?»

«በልቻለሁ። ከበላሁም በኋላ ሠላሳ ሰው የሚበላውን የሮቲ ቂጣ ጋግሬያለሁ። በነጻ አልበላሁም። አታለላችሁኝ።»

«አዎ።»

«እሱ ብቻውን አይደለም። ሁለታችሁም ናችሁ።»

«አዎ ቤቤ፣ ሁለታችንም ነን። ብነግርሽ ትበዪ ነበር?»

«አልበላም ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ታዲያማ ይራበኝ ነበር። ቢርበኝ የሚርበኝ እኔን ነው» አለች። «ግን ልጄ አንበሳ ነው እያልኩ አልዞርም ነበር። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ። ሴት የወለደች አራስ ልጠይቅ ስገባ ምን እንደምላት ታውቂያለሽ? አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ወንድ ይሆንልሻል፣ የሚጦርሽ እሱ ነው፣ እኔን አታዪም እላታለሁ። ስንቷን አስለቅሻለሁ መሰለሽ። ልጇን እያጠባች ነው እኮ እንዲያ የምላት። ያንቺን ሮቲ ውጬ ወጥቼ።»

ኪራንጂት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መሪው ላይ አስደገፈችው።

«ያንን ወረቀት አንብቢልኝ» አለች እናትየው። «ባልራጅ የሚፈልገውን ነው ያነበበልኝ። አንቺ ሁሉንም አንብቢ።»

ወረቀቱ ስልኳ ውስጥ አለ። መስመር በመስመር ወደ ፑንጃብኛ እየመለሰች አነበበች። ምግብ፣ ልብስ፣ ቤት፣ ዓይን፣ ጥርስ። እናት እየደጋገመች አስቆመቻት።

«የሚያበላው ሰው ስም ማን ተብሎ ነው የተጻፈው?»

«ኪራንጂት ካውር።»

«ባልራጅ የሚል አንድም ቦታ የለም?»

«የለም።»

«በወንድሟ እጅ ይላል? በማንም እጅ ይላል?»

«አይልም። ከእኔ ላንቺ ነው።»

«መንግሥት ያውቀዋል?»

«የሦስት ዓመት ልፋቴን ቆጥሮ ነው የተቀበለው።»

ባቺንት ካውር በረጅሙ ተነፈሰች። «የነጭ መንግሥት እንኳን ያወቀውን እኔ እናትሽ አላወቅሁም። አሥራ አራት ዓመት የማይገባውን ሰው ስም ስጠራ ኖርኩ።»

«ትፈርሚያለሽ?» አለች ኪራንጂት።

«ወረቀቱ እዚህ አጠገቤ ነው፣ ቄሱ አትሞልኛል። ቆይ ግን። እንዳትዘጊው።»

የበትር ኮቴ ተሰማ። ከዚያ የቄሱ የሽማግሌ ድምፅ፤ «እናቴ፣ ይሄ እኮ የሞት መርዶና የጠፋ ጎሽ የሚነገርበት ነው» ይላል። «እኔም የጠፋ ነገር አለኝ» አለች ባቺንት ካውር። አንድ ነገር ቋ አለ፣ ቀጥሎ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት። የጉርድዋራው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ጣሪያው ላይ በአራቱም ማዕዘን ተሰቅሏል፣ ከመንደሩ አልፎ እርሻው ድረስ ይሰማል። የእናቷ ድምፅ ሁለት ጊዜ መጣላት፣ አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከመንደሩ ሰማይ ዞሮ።

«የመንደሩ ሰዎች፣ ባቺንት ካውር ነኝ። የባልራጅ እናት ትሉኛላችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የኪራንጂት እናት በሉኝ። አሥራ አራት ዓመት ያበላችኝ እሷ ናት። ባልራጅ አበላኝ ብዬ የነገርኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው፤ አላወቅሁም ነበር፣ አሁን አወቅሁ። በሴት ልጅ ቤት አይበላም ስትሉ ሰምቻለሁ፣ እኔም ከማንም በላይ ብያለሁ። ሳላውቅ የበላሁትን አሁን እያወቅሁ ልበላ ካናዳ እሄዳለሁ። የሚያፍር ካለ ለእኔ አይፈርልኝ፣ ለራሱ ይፈር።»

ኪራንጂት ባዶው አውቶቡስ ውስጥ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለች እናቷ በድምፅ ማጉያው፣ አሁን ዝግ ብላ። «ሴት ወልዳችሁ እኔ ቤታችሁ ገብቼ አይዞሽ ያልኳችሁ እናቶች፣ አይዞሽ የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ይቅር በሉኝ። ቄስ፣ ብዕሩን አቀብለኝ።»